ጥፍር ፍለጋ

ነብሩ የመጣው የበግ ለምድ ለብሶ ነው። ከአልዩ አምባ በኩል ሽቅብ ከሚወጣው መንጋ መሃል አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ “እንደምን አመሸህ” ያለው እንጂ “ማነህ?” ያለው አልነበረም። ሲነጋ ሦስት ግልገሎች የሉም። ለምዱ ገደሉ አፋፍ ላይ እሾህ ይዞት ተገኘ።

አንኮበር ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው አገሩ ከእግሩ ሥር ተቆርጦ ወደ ቆላ ሲወርድ ያያል። በዚያ ገደል ላይ የእንስሳቱ ማለፊያ አንድ ጠባብ በር ብቻ ነበር። የደጋው በግ ጨው ሊልስ በእሱ ይወርዳል፤ የቆላዋ ሚዳቋ በበጋ ሣር ፍለጋ በእሱ ትወጣለች፤ የወፍ ዋሻ ደን ጉሬዛ ዘመድ ሊጠይቅ በእሱ ያልፋል። ስለዚህ የሦስቱ ግልገሎች እናቶች “በሩ ይዘጋ!” ብለው ሲጮኹ ሸንጎው ዝም አለ። የሚያለቅስን ሰው “ተሳስተሃል” ማለት ይከብዳል።

ዝምታውን የሰበሩት አባ ጭላዳ ናቸው። ደረታቸው የቀላ፣ ጋማቸው የሸበተ፣ ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ቀኑን ሣር ሲነጩ የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። “በሩን ብንዘጋው ነብሩ የተወውን ረሃብ ይጨርሰዋል” አሉ። “ይልቅ ኬላ እናቁም።”

ኬላ ለአንኮበር ብርቁ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚነሣው ሲራራ እዚህ ገደል ሥር ሲደርስ ቀረጥ ሳይከፍልና ፈቃድ ሳያገኝ አይወጣም ነበር፤ በ1833 ክረምት የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እንኳ ከነሣጥኖቹ ታች ሆኖ የንጉሡን ቃል ጠብቋል። ያ ኬላ ደግም ይሁን ክፉ፣ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። የሚፈልገውን የማያውቅ ኬላ ግን ምን እንደሚሆን ወደፊት እናያለን።

ጠባቂ ማን ይሁን ሲባል በሌሊት ንቁ የሆነ አንድ ብቻ ተገኘ፤ አያ ጅቦ። አንዳንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ አንዳንዷ ልጇን ወደ ጎኗ ሳበች። ሆኖም ሌሊቱን ቆሞ ለማደር ሌላ እጁን ያወጣ አልነበረም።

“ኬላው ይቁም” አለች እመት ጦጢት ከጥዱ ቅርንጫፍ ላይ። “ግን ፈታሹ በየማለዳው ሥራ ሲጀምር አስቀድሞ የራሱን መዳፍ ለተሰለፈው ያሳይ። ከዚያ ወዲያ የምንፈልገው ጥፍር ነው። ጥፍር ከሆነ የምንፈልገው ደግሞ የማን ልጅ ነህ፣ ከወዴት ነህ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ሌላው፣ ይህ ሁሉ እስከ መስቀል ይቆይ፤ ካስፈለገ እዚሁ ጥድ ሥር ተሰብስበን እንደገና እንነጋገርበታለን።”

“እኔ ምን ገዶኝ” አለ ጅቦ፣ መዳፉን ወዲያውኑ ገልብጦ እያሳየ። ሸንጎው አጨበጨበ።

እኔ ተራኪው በዚህ ውሳኔ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ከነዚያ በጎች አንዱ ብሆን ሰኮናዬን ደስ ብሎኝ አነሣ ነበር። ሙክቱ ሲያነሣ ሚዳቋዋም ታነሣለች፤ ሚዳቋዋ ስታነሣ ጉሬዛውም መዳፉን ይዘረጋል፤ ሁሉም እኩል ይፈተሻል፤ ፈታሹም ቀድሞ ተፈትሿል። እንዲህ ያለ ፍተሻ ማንንም አያዋርድም። ክረምቱን ሙሉ ነብር አልታየም።

መስቀል መጣ፤ ሸንጎው ግን አልተጠራም። መንገዱ ጭቃ ነው ተባለ፤ ደግሞም ነብሩ የጠፋው በኬላው ምክንያት ከሆነ ኬላውን ማንሣት ነብሩን መጥራት ነው ተባለ። ነብሩ ቢመጣ ኖሮም ኬላው ይጥበቅ ይባል ነበር። ነብሩ መጣም ቀረም ኬላው የሚነሣበት መንገድ እንደሌለ ያስተዋለ አልነበረም፤ ያስተዋለም ካለ ከፊቱ ያለው ሰልፍ ረዝሞበት ዝም ብሏል።

በጥቅምት አንድ እባብ ከአንዲት በግ ፀጉር ውስጥ ተጠምጥሞ አለፈ። በጓ አላወቀችም፤ ፈታሹም የሚያየው ሰኮና ነው። እባቡ አንድ ወይፈን ነድፎ ገደለ። በማግስቱ ጅቦ በበሩ ላይ መቀስ ይዞ ተገኘ። ከዛሬ ጀምሮ በግ ሁሉ ተሸልቶ ያልፋል ተባለ።

የደብረ ብርሃንን የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ የሚጋገርበት፣ ጥላ ውስጥ ያለ ሰው ፀሐይ ፍለጋ መንገድ የሚሻገርበት አገር ነው፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ በከንቱ አልሆነችም። የመንዝ በግ ያንን ፀጉር የተሸከመው ለጌጥ አይደለም። ተሸልተው ያለፉት በጎች በበሬሳ ወንዝ ዳር ተጠጋግተው ሲንቀጠቀጡ አደሩ፤ በሳንባ ምች የሞቱት በነብር ከሞቱት በለጡ። የእነዚያን ቁጥር ግን ማንም በኬላው መዝገብ አልጻፈውም።

“የተሸለተው ፀጉር የት ይገባል?” አለች ጦጢት።

“ለጥንቃቄ ተይዟል” አለ ጅቦ።

ሳምንት ሳይሞላ በርኖስ ለብሶ መጣ። ጥሩ የመንዝ በርኖስ ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ። ረዳቶቹም አንድ አንድ በርኖስ ደረሳቸው። በርኖስ የለበሰ ሹም ደግሞ በየማለዳው መዳፉን ለበግ ገልብጦ ማሳየቱ ለሥልጣኑ የሚመጥን አልመስል አለ፤ “ሰልፉንም ያዘገያል” ተባለና ቀረ። ቀጥሎ ከአንድ ጉንጭ ውኃ በላይ በቅል ይዞ ማለፍ ተከለከለ። ለምን እንደተከለከለ የሚያስታውስ ስላልነበር የሚጠይቅም አልነበረም።

አባ ጭላዳ ነገሩ አላምር ሲላቸው ሰዎች እንዲህ ያለውን ጉዳይ እንዴት እንደሚይዙት አይቶ እንዲመጣ ቁራን ላኩት። የቁራ መልእክተኛ ከኖኅ ዘመን ጀምሮ ስሙ የጠፋ ነው፤ ይሄኛው ግን ተመለሰ። አዲስ አበባ፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጣሪያ ላይ ከርሞ ነው የመጣው። ሸንጎው ስለ ኬላው ሳይሆን ስለ ቁራው ወሬ ነው ተብሎ ተጠራ፤ ስለዚህ ሁሉም መጣ።

“ሰዎቹ ቀበቷቸውን ፈትተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ይሰለፋሉ” አለ ቁራው። “ትልልቆቹ በሌላ በር ያልፋሉ። ልስቅባቸው ስል ምክንያታቸውን ሰማሁና ተውኩት። በ1965 ኅዳር 29 ቀን ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራቱ ያሉባቸው ሰባት ወጣቶች አውሮፕላን ሊጠልፉ ሲሉ አየር ላይ ተኩስ ተከፍቶ ስድስቱ አለቁ። በ1989 ኅዳር 14 ደግሞ ሦስት ሰዎች ወደ ናይሮቢ የሚሄደውን ጠልፈው፣ አብራሪው ነዳጅ የለኝም ቢላቸው አልሰማ ብለው፣ አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰው 125ቱ ሞቱ።”

“በምን ጥፍር?” አለ ጅቦ፣ ጆሮውን አቁሞ።

“ነገሩስ እሱ ነው። መጥረቢያው ከዚያው ከአውሮፕላኑ የተነሣ ነው፤ ለእሳት አደጋ የተቀመጠ። ቦምብ ነው ብለው ያስፈራሩበትም የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። ሌላም አለ። በኒውዮርክ ከደረሰው ጥቃት ወዲህ የአውሮፕላን አብራሪዎች ክፍል በር ጠላፊ እንዳይሰብረው ተብሎ ጠንክሮ ተሠራ። በ2006 የካቲት 10 ወደ ሮም ሲበር የነበረውን አውሮፕላን የጠለፈው ግን ረዳት አብራሪው ራሱ ነው። ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲወጣ ያንን ጠንካራ በር ከውስጥ ቆለፈበትና ጄኔቭ ወስዶ አሳረፈው። ደግነቱ የተጎዳ የለም። ግን ዋናው አብራሪ በገዛ አውሮፕላኑ ደጅ ጠና።”

ጅቦ በርኖሱን ሰብሰብ አደረገ።

“ሸለታውስ?” አለች አንዲት የተሸለተች በግ።

“ሸለታ የላቸውም፤ ጫማ አላቸው። በ1994 ታኅሣሥ አንድ ሰው ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚሄድ አውሮፕላን ላይ ጫማው ውስጥ ፈንጂ ደብቆ ተያዘ። በእሱ ሰበብ አሜሪካኖች ሕዝብ ሲያስወልቁ ኖረው ነገሩን የተዉት በ2017 ሐምሌ ነው። በ1998 ነሐሴ ደግሞ ለንደን ላይ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላን ለማፈንዳት ያሴሩ ተያዙና እስከ ዛሬ በብዙ አገር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ይዞ መግባት አስቸጋሪ ነው። አንድ ሰው የሠራውን ሚሊዮኖች ሃያ ዓመት ይከፍሉታል።”

አባ ጭላዳ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። “ሕግስ የላቸውም?”

“አላቸው እንጂ። ደስ የሚል ሕግ ነው” አለ ቁራው። “የሚገርመው፣ ያ ጠለፋ በተሞከረበት ቀን፣ በኅዳር 29፣ በ1987 ሕገ መንግሥታቸውን አጸደቁ። አንቀጽ 26 የሰው አካሉ፣ ቤቱና ንብረቱ እንዳይበረበር ይከለክላል፤ ግን ለአገር ደኅንነትና ለሕዝብ ሰላም አስገዳጅ ሁኔታ ሲመጣ በዝርዝር ሕግ ሊገደብ ይችላል ይላል። አንቀጽ 32 ያለ ከልካይ መንቀሳቀስን ይፈቅዳል። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ አንቀጽ 93 አለ፤ የአስቸኳይ ጊዜ። የአስቸኳይ ጊዜው ስድስት ወር ነው፤ ይራዘም ከተባለም ሸንጎው ተሰብስቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ማደስ አለበት። በዚያ ጊዜ 26ትም 32ትም ሊታገዱ ይችላሉ።”

“በየአራት ወሩ” አለች ጦጢት፣ ለራሷ ያህል። “እኛ እኮ መስቀል ብለን ነበር።”

“የማይታገዱ ጥቂት አንቀጾች አሉ። አንዱ 25 ነው። እሱ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው፣ በዘሩ በብሔሩ በሃይማኖቱ አይለይ የሚለው ነው። እንግዲህ እንደገባኝ፣ እሳት ሲነሣ ሻንጣህን ልበርብር፣ መንገድ ልዝጋብህ ማለት ይችላሉ፤ ዘርህን አይቼ አንተን ብቻ ልመልስህ ማለት ግን እሳት ቢነሣም አይችሉም።”

ሸንጎው አጉረመረመ። እንደገባኝ ከሆነ የአድናቆት ማጉረምረም ነው።

“ወረቀቱ ይህን ይላል” አለ ቁራው ቀጠል አድርጎ። “ስመለስ ግን በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ነበር የበረርኩት። በ2015 ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገደኛ ከአውቶቡስ እየወረደ ሲሰለፍ የከረመበት መንገድ ነው። እዚያ ሻንጣ የሚከፍት ብዙም አልነበረም፤ የሚታየው መታወቂያ ነበር። የሕመምተኛ ካርድ የያዘም፣ ለቀጠሮ የሚሮጥም፣ መታወቂያው ከየት እንደወጣ እየታየ ‘ተመለስ’ ይባል ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ እሱም በጥር ተራዝሞ ነበር።”

ቁራው ይህን የተናገረው ለመንገደኞቹ እንዲያዝኑላቸው ነበር። ጅቦ ግን ከወሬው ሁሉ የወደደው ይህንን የመጨረሻውን ነው።

እስቲ አስቡት፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ሰኮና ሲገለብጥ፣ ፀጉር ሲሸልት፣ ቅል ሲያሸት ይውላል። ወገቡ ተቆርጧል። ሰዎቹ ግን ዓይተው ብቻ ይጨርሱታል! በማግስቱ መቀሱን አስቀመጠና በሩ ላይ ተቀመጠ። ነብር የመጣው ከቆላ ነው፤ ስለዚህ ከቆላ የሚመጣ ይጠየቅ። ነብር ዥጉርጉር ነው፤ ስለዚህ ዥጉርጉር የሆነ ይመለስ።

መጀመሪያ የተመለሰችው ጅግራ ናት። ከአልዩ አምባ ልጇን በክንፏ ሥር አድርጋ ነው የወጣችው፤ ጫጩቷ ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል፤ መድኃኒት አዋቂዋ አሮጊት ጉሬዛ ወፍ ዋሻ ናት።

“ጥፍሬን እዩ” አለች፣ እግሯን አንሥታ።

“ጥፍርሽን ማን ጠየቀሽ?” አለ ረዳቱ። “ከወዴት ነሽ?”

“ከታች።”

“ነብር ከታች ነው። መልክሽስ?”

“መልኬ ምን ሆነ?”

“ዥጉርጉር ነሽ።”

“ጅግራ ነኝ! ጅግራ ዥጉርጉር ካልሆነች ምን ልትሆን ነው?”

“እሱን አላውቅም። ተመለሺ።”

ከኋላዋ የተሰለፉት በጎች ምን አሉ መሰላችሁ? ይህን ሳልናገር ባልፍ ተረቱ ውሸት ይሆናል። ደስ አላቸው። መቀሱ ቀርቶላቸዋል፤ ሰልፉ ፈጥኗል፤ ፀጉራቸው ማቆጥቆጥ ጀምሯል። “መቼም ያለ ነገር አይመልሷትም” አለች አንዷ። ሌላዋ “እኛ የምንደብቀው የለም” አለች፣ ያ እባብ በማን ፀጉር እንዳለፈ ረስታ። ሁሉም ሲፈተሽ የፍተሻው ክብደት ሁሉም ላይ ስለሚያርፍ ሁሉም ያጉረመርማል፤ ማጉረምረሙም ልጓም ይሆናል። ክብደቱ በጅግራ ላይ ብቻ ሲያርፍ ግን ልጓሙን የሚይዝ የለም። ጅግራ ብቻዋን ስትጮኽ ደግሞ ድሮም ጯሂ ናት ይባላል።

ጅግራ አልተመለሰችም። መመለሱም አንድ ቀን ይወስዳል። ከበሩ በታች ካለው ቁጥቋጦ ሥር ልጇን አቅፋ አደረች፤ ነገ ሌላ ረዳት ይሆናል፣ ነገ ይራሩልኛል ብላ። በሦስተኛው ሌሊት ጫጩቷ ሞተች። በዚያው ሌሊት ነው እንቅልፍ አጥታ ስታይ ያየችው።

ጅቦ በቅርቡ አንድ የሌሊት ረዳት ቀጥሮ ነበር። ዝምተኛ፣ አረማመዱ የለሰለሰ፣ በርኖሱን እስከ ዓይኑ ድረስ የሚከናነብ። ማንም መዳፉን ገልብጦ አላየም፤ የፈታሽ መዳፍ መታየት ከቀረ ቆይቷል። ጅቦስ አያውቅም ነበር? አንዳንዱ አያውቅም ይላል። ሌላው ደግሞ ጅቦ ያን ሰሞን ማለዳ ማለዳ አጥንት ሲቆረጥም ይታይ ነበር ይላል። እኔ የትኛውንም አላየሁም። ጅግራ ያየችው ግን ረዳቱ ሊነጋጋ ሲል ወደ ምንጩ ወርዶ በርኖሱን አውልቆ እጁን ሲታጠብ ነው። ውኃው ቀላ። ከበርኖሱ ሥር የወጣው ቆዳ ከእሷ ይልቅ ዥጉርጉር ነበር።

ጅግራ ጮኸች። የጅግራን የንጋት ጩኸት የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ የሞተ ይቀሰቅሳል። “ነብሩ ውስጥ ነው! ነብሩ ጠባቂው ነው!” ከበሩ ማዶ ግን ምስክርነቷን ሊቀበል የሚችል ሸንጎ እንጂ እሷ ልትገባበት የምትችል ቀዳዳ አልነበረም። ጅቦ ወጥቶ “ይህች ዥጉርጉር ሕዝብ ታውካለች” አለና ሁለት ረዳት ጨመረ። በዚያ ሳምንት አራት ግልገሎች ጠፉ፤ ከቆላ ሾልከው የገቡ ናቸው የወሰዷቸው ተባለ፤ ሚዳቋዎችም መመለስ ጀመሩ።

ጦጢት በመንገድ አትሄድም፤ በቅርንጫፍ ነው የምትሄደው። ለዚህ ነው ወርዳ ጅግራን ማግኘት የቻለችው። ሰምታ ስትጨርስ ምንም አላለችም። ወጥታ የጥዱን ቅርንጫፍ መታች፤ ሸንጎው ተጠራ።

ነብሩ ይህን ሲሰማ በርኖሱን ለብሶ በገዛ ኬላው በኩል ወጣ፤ ረዳቶቹም ሰላምታ ሰጡት። ጅቦ ግን ሸንጎው ፊት ቀረበ፤ አላፈረም። “ነብሩን ያስገባው ጥበቃው መላላቱ ነው” አለ። “መቀሱ ይመለስ፤ ረዳቴም በቂ አይደለም፤ በሩም ቢጠብ ደግ ነው።” ከበጎቹ እኩሌታው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላው እኩሌታ “ኬላው ይፍረስ!” አለ፤ ሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች እንዳልሞቱ ሁሉ።

ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ። አባ ጭላዳ ቁራውን ጠርተው ያን የወረቀቱን ነገር ደጋግመው አስነገሩት፤ በተለይ 25ን። መጨረሻ ላይ የተስማሙበት ማንንም ደስ አላሰኘም። ኬላው ይቆማል፤ ነብሩ በሕይወት ነውና። መቀሱ ወደ ገደል ይጣላል። ከወዴት ነህ የሚል ጠባቂ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠባቂ አይደለም። ሸንጎው በየአራት ወሩ፣ ጭቃም ይሁን ውርጭ፣ ይሰበሰባል፤ ካልተሰበሰበ ኬላው በራሱ ይነሣል። በርኖሶቹ ተፈትተው ፀጉሩ ለተሸለቱት ይከፋፈላል። ማን ሌሊት ይቁም ሲባል እንደገና ሁሉም ዝም አለ። ስለዚህ ጅቦ ቀረ፤ ያለ በርኖስ።

ጅግራን ግቢ ብለው ላኩባት። “ለምን ብዬ?” አለችና ወደ አልዩ አምባ ወረደች።

በማግስቱ ማለዳ ከሰልፉ ፊት የተገኘው አንድ ሙክት ነው። ጅቦ ወጣ፤ ሙክቱ ሳይጠየቅ የፊት ቀኝ ሰኮናውን አነሣ።

“አንተ አውርድ” አለችው ጦጢት ከላይ። “መጀመሪያ የእሱን ታያለህ።”

ጅቦ ፊቱን አዙሮ መዳፉን ዘረጋ። ሙክቱ መዳፉን አየ፤ ጅቦን አየ፤ ከኋላው ያለውን ሰልፍ አየ። ተፈትሾ ያውቃል እንጂ ፈትሾ አያውቅም።

“ምኑን ነው የማየው?” አለ።

“በጣቶቹ መሃል” አለች ጦጢት። “ደግሞ አሽትተው።”